ከሻንጋይ ዳላስ በሜክሲኮ በኩል፦ ላሳሮ ካርዴናስ ወይስ ማንሳኒዮ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ዳላስ ነው። ተሳቢ እየነዳሁ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ከቻይና የቤት ዕቃ ማስመጣት ጀምሬያለሁ። በዓመት አምስት ስድስት ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ይሆናል። እስካሁን በሎስ አንጀለስ ነበር የማስገባው። በቅርቡ አንድ ደላላ ‹ሜክሲኮ ላሳሮ ካርዴናስ አውርደው፤ ባቡሩ በቀጥታ ቴክሳስ ያመጣልሃል፤ ወደቦቹ ስለሚሻሙ ዋጋው ወርዷል፤ ቀረጡም ይቀንሳል› አለኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ማንሳኒዮ ይሻላል ይላል። የትኛውን ወደብ ልምረጥ?»

ምላሽ፦ ከቀረጡ ልጀምር፤ መዘዝ የሚያመጣው እሱ ነው። በሜክሲኮ በኩል ስላለፈ ብቻ ቀረጡ የሚቀንስለት የቻይና ዕቃ የለም። የአሜሪካ ጉምሩክ የሚጠይቀው ዕቃው የት እንደተሠራ ነው፤ በየት ዞሮ እንደመጣ አይደለም። በአሜሪካ፣ በሜክሲኮና በካናዳ መካከል ያለው የንግድ ስምምነት ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባው የስምምነቱን መመዘኛ አሟልቶ እዚያው የተመረተን ዕቃ ነው። ቻይና፣ ጓንግዶንግ የተሠራ ሶፋ ላሳሮ ካርዴናስ ያለበትን የሚቾአካን ግዛት ተራራ በባቡር ስለወጣ ሜክሲኮ ሠራሽ አይሆንም። «ሜክሲኮ ሠራሽ» ብሎ የሚያስመዘግብልዎ ሰው ካገኙ ደግሞ ሮጠው ያምልጡ። ሰነዱ ላይ ያለው ስም የእርስዎ ነው። ቅጣቱም የሚመጣው ወደ እርስዎ ነው።

ደላላው ምናልባት የሰማው የድሮውን ወሬ ይሆናል። ከ800 ዶላር በታች የሆነ እሽግ ያለ ቀረጥ ይገባ በነበረበት ጊዜ ብዙ ነጋዴ ዕቃውን ድንበር አጠገብ፣ በተለይ ቲኋና፣ መጋዘን ውስጥ ያራግፍ ነበር። ከዚያ በትንሽ በትንሹ እያሸገ ያሻግራል። ያ በር እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር ተዘግቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ የፈረንጆች ናቸው።) ሌላም አለ። ዕቃው በትራንዚት ማለፉ ቀርቶ ሜክሲኮ ውስጥ እንደ ገቢ ዕቃ ከተመዘገበ መጀመሪያ ለሜክሲኮ፣ ቀጥሎ ለአሜሪካ ይከፍላሉ። ሁለት ጊዜ ማለት ነው።

እውነት የሆነች አንዲት ቁጠባ አለች፤ እሷንም ልንገርዎ። በአሜሪካ ወደብ የሚወርድ የገቢ ዕቃ የወደብ ጥገና ክፍያ አለበት። የዕቃው ዋጋ 0.125 በመቶ ነው። ሜክሲኮ ወርዶ በሐዲድ ድንበር የሚሻገር ዕቃ ይህን አይከፍልም። ኮንቴይነሩ ውስጥ የ40,000 ዶላር ዕቃ አለ እንበል። ያተረፉት 50 ዶላር ነው። ኮንቴይነሩ አንድ ቦታ ላይ አንድ ቀን ያለ ዕቅድ ካደረ እሷም ሄደች።

አሁን ወደ ወደቦቹ። ጥያቄዎ «የትኛውን ወደብ» ይላል። ሜክሲኮ ውስጥ ግን ወደብ ለብቻው ተነጥሎ አይመረጥም። ወደቡን ሲመርጡ ባቡሩንም የድንበር ድልድዩንም አብረው መርጠዋል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ካልተረዱ የሚሰጥዎትን ዋጋ መመዘን አይችሉም። ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የሜክሲኮ ባቡር የመንግሥት ነበር። ያረጀ፣ የሚዘገይና ኪሳራ የሚበላው ነበር። በ1995፣ በፕሬዚዳንት ኤርኔስቶ ሴዲዮ ጊዜ፣ ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ዘርፉ ለግል ተከፈተ። ሐዲዱና መሬቱ የመንግሥት ሆነው ቀሩ። የማስኬዱ መብት ግን ለ50 ዓመት ተሰጠ። አገሪቱ በአቅጣጫ ተከፋፈለች። ለመኪና ፋብሪካዎቹና ለላሬዶ ድንበር ቅርብ የሆነው የሰሜን ምሥራቁ መስመር ቲኤፍኤም ለተባለ ኩባንያ ደረሰ፤ በ1997 ሥራ ጀመረ። በ2005 ካንሳስ ሲቲ ሳውዘርን የተባለው የአሜሪካ ባቡር ድርጅት ጠቀለለው። እሱም በተራው በኤፕሪል 2023 ከካናዲያን ፓሲፊክ ጋር ተዋሕዶ ሲፒኬሲ ሆነ። ካናዳን፣ አሜሪካንና ሜክሲኮን በአንድ ኩባንያ ሐዲድ ያገናኘ የመጀመሪያው ድርጅት ይኸው ነው። የምዕራቡንና የሰሜኑን መስመር ደግሞ ፌሮሜክስ ወሰደ። ሥራ የጀመረው በ1998 ነው። ዋናው ባለቤት ግሩፖ ሜክሲኮ ነው፤ የአሜሪካው ዩኒየን ፓሲፊክ 26 በመቶ ድርሻ አለው።

ክፍፍሉ ሲያልቅ ወደቦቹም አብረው ተከፋፈሉ። ከማንሳኒዮ የሚወጣው ሐዲድ የፌሮሜክስ ሆነ። ከላሳሮ ካርዴናስ የሚወጣው ዛሬ ሲፒኬሲ በሚባለው እጅ ገባ። አንድ ወደብ፣ አንድ ባቡር። ሁለቱ ድርጅቶች አንዱ በሌላው ሐዲድ ላይ ለመሄድ ያለውን መብትና ክፍያ በተመለከተ ለዓመታት ተካሰዋል፤ የተስማሙት በ2010 ነው። ለእርስዎ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ኮንቴይነርዎ ላሳሮ ካርዴናስ ከወረደ በኋላ የባቡር ዋጋው ቢወደድብዎ «በሌላው ባቡር ላምጣው» የሚሉበት መንገድ የለም። ፉክክሩ ያለው መርከቡ መልህቅ ከመጣሉ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የያዙት መስመር ይዞዎታል።

ሁለቱ ወደቦች በጠባይም አይመሳሰሉም። ማንሳኒዮ የሜክሲኮ ትልቁ የኮንቴይነር ወደብ ነው። በ2024 በባለ 20 ጫማ ሲቆጠር ወደ 3.9 ሚሊዮን ኮንቴይነር አስተናግዷል። ችግሩ ቦታ ነው። ወደቡ በከተማው፣ በባሕሩና በሐይቁ መሃል ተጣቧል። ባቡሩ ለብዙ ዓመታት ከተማዋን ለሁለት እየሰነጠቀ ያልፍ ነበር። ረጅም ባቡር ሲመጣ ከዚህ ወገን ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ፣ ከዚያ ወገን ወደብ የሚገባ ተሳቢ ቆመው ይጠብቃሉ። ለዚያ ነው ዋሻ የተቆፈረለት። መንግሥት አሁን ወደቡን ወደ ኩዩትላን ሐይቅ በኩል አስፍቶ አቅሙን ከእጥፍ በላይ ለማሳደግ ተነስቷል። እስከዚያ ግን መጨናነቁ አለ። እርስዎ ሾፌር ስለሆኑ የወደብ በር ላይ ሰልፍ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም።

ላሳሮ ካርዴናስ ሌላ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለብረታ ብረት ፋብሪካ ነበር። መሬቱ ሰፊ፣ ውኃው ጥልቅ ነው። የኮንቴይነር ሥራው ጠንከር ያለው ከ2003 ወዲህ ነው፤ ሃቺሰን የተባለው የሆንግ ኮንግ ድርጅት ከገባ በኋላ። በ2017 ደግሞ ኤፒኤም ተርሚናልስ ሁለተኛውን ተርሚናል ከፈተ። በ2024 ከ2 ሚሊዮን በላይ ባለ 20 ጫማ አስተናግዷል። ትልልቅ መርከብ ያለ ችግር ይቆማል። 

ታዲያ ደላላው ተሳስቷል ወይ? ሐሳቡ የእሱ አይደለም፤ ከ20 ዓመት በላይ የቆየ ሕልም ነው። በ2002 መኸር የአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ 29 ወደቦች በአሠሪና በሠራተኛ ጠብ ለ10 ቀን ያህል ተዘጉ። መደብሮች የገና ዕቃቸው ባሕር ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ብዙ አስመጪ ካርታ አውጥቶ ወደ ደቡብ ማየት የጀመረው። በሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፑንታ ኮሎኔት በሚባል ባዶ የባሕር ዳርቻ ሎስ አንጀለስን የሚፎካከር ግዙፍ ወደብና ወደ ድንበር የሚዘልቅ አዲስ ባቡር ሊሠራ ታቀደ። በ2008 ጨረታ ወጣ። የገንዘብ ቀውሱ ደረሰበት። ጨረታው ተገፋ፣ ተገፋና በ2012 ተሰረዘ። ከገንዘቡ ቀውስ ሌላ ዕቅዱን ያከበደው ወደቡ ብቻ አልነበረም። ባቡሩም ነበር። በረሃና ተራራ አቋርጦ ድንበር የሚደርስ አዲስ ሐዲድ ዋጋው የትየለሌ ነው።

ካንሳስ ሲቲ ሳውዘርን ግን ያለውን ሐዲድ ይዞ ሞከረ። የላሳሮን መስመር አሻሻለ። ቴክሳስ ውስጥም ተዘግቶ የኖረውን ከሮዘንበርግ እስከ ቪክቶሪያ ያለውን መስመር አድሶ በ2009 ከፈተ፤ ከላሬዶ ሂዩስተን ያለውን ጉዞ ለማሳጠር። ሥራው የምር ነበር። ሆኖም ወደ አሜሪካ የሚያልፈው ኮንቴይነር እንደታሰበው አልጎረፈም። ዛሬም በሁለቱም ወደቦች የሚወርደው አብዛኛው ዕቃ እዚያው ሜክሲኮ ውስጥ የሚቀር ነው። ሞንቴሬይ፣ ኬሬታሮ፣ ጓዳላሃራ፣ ሜክሲኮ ሲቲ ይሄዳል። የፋብሪካ መለዋወጫ ነው፤ የሱቅ ዕቃ ነው። ወደቦቹ የሚሻሙት ይህንን ነው። የእርስዎን የዳላስ ኮንቴይነር አይደለም።

በዚህ ሽሚያ ውስጥ ደግሞ ሁለቱንም ባቡሮች የሚያስቸግር ሦስተኛ ተፎካካሪ አለ፤ እሱም ተሳቢ መኪናው ነው። በሜክሲኮ ሕግ አንድ ጎታች ሁለት ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ደርቦ መጎተት ይችላል። በአብዛኛው የአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ እንዲህ ያለ ነገር አያዩም። ከማንሳኒዮ ጓዳላሃራ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ርቀት ዕቃውን ባቡር ላይ ጭኖ፣ አራግፎ፣ እንደገና መኪና ላይ መጫን ለብዙው አስመጪ አያዋጣም። ባቡር የሚያዋጣው ርቀቱ ሲረዝም ነው። ስለዚህ የባቡር ድርጅቶቹ ዓይናቸውን የጣሉት ረጅሙ መንገድ ላይ ነው፦ ከመሃል ሜክሲኮ ቺካጎ፣ ከሞንቴሬይ ቶሮንቶ። በ2023 ሲፒኬሲ ከሳን ሉዊስ ፖቶሲ ቺካጎ የሚደርስ ፈጣን ባቡር ጀመረ። ፌሮሜክስም ዝም አላለም፤ ከዩኒየን ፓሲፊክና ከካናዳው የባቡር ድርጅት ሲኤን ጋር ሆኖ ኢግል ፓስ በተባለችው የቴክሳስ ድንበር ከተማ በኩል ዲትሮይትና ካናዳ የሚደርስ አገልግሎት ከፈተ። እነዚህ ባቡሮች በዋናነት የሚሸከሙት ሜክሲኮ ውስጥ የተመረተውን ነው። የባቡሮቹ ትልቁ ፍልሚያ አሁን ያለው እዚህ ድንበር ላይ ነው። ደላላው የሰማው የዚህን ወሬ ከሆነ ከወደብ ዋጋ ጋር ቀላቅሎታል።

መስመሩን በእግር እንከተለው፤ የት የት እንደሚቆም ይታይዎ። ኮንቴይነርዎ ላሳሮ ካርዴናስ ወረደ። ባቡር እስኪሞላ ጠበቀ። ከዚያ ከባሕር ወለል ተነስቶ ሚቾአካን ደጋ ላይ ይወጣል፤ ፓትስኳሮ ሲደርስ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ሸክም ይዞ ተራራ መውጣት ጎታችም ነዳጅም ይበላል። ቀጥሎ ሳን ሉዊስ ፖቶሲ፣ ሞንቴሬይ፣ ኑዌቮ ላሬዶ። ድልድዩ ላይ ባቡሩ በዝግታ እየተጎተተ በራጅ ማሽን ውስጥ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ኮንቴይነር ሆዱ ይታያል። አንዱ ላይ ጥርጣሬ ከተነሳ ተለይቶ ይቀራል። ለረጅም ጊዜ በዚያ ቦታ የነበረው አንድ ባለ አንድ ሐዲድ ድልድይ ነበር። ሰሜን የሚሄደው ሲያልፍ ደቡብ የሚሄደው ተራውን ይጠብቃል። ሁለተኛው ድልድይ የተከፈተው በ2025 መጀመሪያ ነው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ መናቅ የለበትም። ግን ድልድይ መጠበቂያውን ያሳጥራል እንጂ ተራራውን አያነሳም።

ሐዲዱ ላይ የሚደርሰውንም ማወቅ አለብዎ። በጃንዋሪ 2019 የሚቾአካን መምህራን ደመወዛችን አልተከፈለንም ብለው ሐዲዱ ላይ ተቀመጡ። ሳምንታት ፈጀ። በ2020 እና በ2021ም ሐዲዱ በተቃውሞ ተዘግቶ ነበር። የመምህራኑ ጥያቄ ደመወዝ ነው፤ ጥፋተኛ አልላቸውም። ግን ከላሳሮ የሚወጣው ሐዲድ አንድ ብቻ ነው። ኡሩአፓን አጠገብ ከተዘጋ መዞሪያ የለም። ወደቡ ውስጥ ኮንቴይነር ይከመራል፤ መርከብ ወደ ማንሳኒዮ ይዞራል። ድንበሩም ከዚህ አያመልጥም። በዲሴምበር 2023 የአሜሪካ ድንበር ጥበቃ ሠራተኞቹን ለስደተኞች ጉዳይ ስላዞረ የኢግል ፓስና የኤል ፓሶ የባቡር ድልድዮች ለአምስት ቀን ያህል ተዘጉ። በማንሳኒዮ በኩል ፌሮሜክስን ይዘው ሰሜን የሚወጡ ቢሆን ኖሮ የሚያልፉት በእነዚህ ነበር።

ወደ ሎስ አንጀለስ እንመለስ። በ2024 ሎስ አንጀለስ ብቻውን ከ10 ሚሊዮን በላይ ባለ 20 ጫማ አስተናግዷል፤ አጠገቡ ያለው ሎንግ ቢች ከ9.6 ሚሊዮን በላይ። ይህ ብዛት ለእርስዎ የሚሰጠው ነገር አለ። መርከብ በብዛት ይመጣል፤ አንዱ ቢያመልጥዎ ሌላው ቅርብ ነው። ከወደቡ ዳላስ የሚመጡ ባቡሮች የሁለት ድርጅቶች ናቸው፦ ዩኒየን ፓሲፊክና ቢኤንኤስኤፍ። አንዱ ሲወደድ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል። መሃል ላይ ዓለም አቀፍ ድንበር የለም። ባዶውን ኮንቴይነር ዳላስ መመለስም ቀላል ነው፤ የመርከብ ድርጅቶቹ እዚያው መቀበያ አላቸው። በሜክሲኮ በኩል ሲመጣ ግን «ባዶውን የት ልመልስ?» የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ሊሆን ይችላል። የኮንቴይነር ማቆያው ክፍያ ደግሞ በቀን ነው የሚቆጠረው።

በእርግጥ ሎስ አንጀለስም አይታመንም። በ2021 መጨረሻ ከ100 በላይ መርከቦች ወደ ሁለቱ ወደቦች ለመግባት ተሰልፈው ነበር። አማራጭ መፈለግዎ ትክክል ነው። የሚገርመኝ ግን ዳላስ ተቀምጠው አማራጭ ሲፈልጉ ዓይንዎ ሂዩስተንን ዘሎ ሚቾአካን መድረሱ ነው። በፓናማ ቦይ በኩል ከቻይና ሂዩስተን የሚመጡ መርከቦች አሉ። ከሂዩስተን ዳላስ 240 ማይል ገደማ ነው፤ እርስዎ በራስዎ መኪና ጠዋት ሄደው ማታ ይዘውት የሚመጡት መንገድ። በባሕር ላይ ከሎስ አንጀለሱ ጥቂት ሳምንት ይዘገያል። ግን ለቤት ዕቃ ያ ብዙ አይጎዳም፤ ትዕዛዙን ቀደም አድርጎ መስጠት ነው። ቦይው በ2023ና በ2024 በድርቅ ምክንያት የመርከብ ቁጥር ቀንሶ ነበርና ይህም ዋስትና የለውም። ሆኖም ከሦስቱ መንገዶች ለእርስዎ ሥራ ሁለተኛው ምርጫ ይህ ነው።

ደቡብ ሜክሲኮ ስላለው የቴዋንቴፔክ ባቡር አልጠየቁኝም፤ ግን መነሳቱ አይቀርም። ከሳሊና ክሩስ ኮአትሳኮአልኮስ ያለው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ከውቅያኖስ ወደ ውቅያኖስ ያሻግራል። ለእርስዎ ኮንቴይነር ሁለት ጊዜ መጫንና ሁለት ጊዜ ማራገፍ ማለት ነው። ይለፍዎ።

ላሳሮ ለማን ነው ታዲያ? ሞንቴሬይ ወይም ኬሬታሮ ውስጥ የሚገጣጥም ፋብሪካ ላለው ሰው በጣም ጥሩ ወደብ ነው። በዓመት በመቶ የሚቆጠር ኮንቴይነር የሚያስገባና ከመርከብ ድርጅቱም ከባቡሩም ጋር የራሱ ውል ያለው ትልቅ አስመጪ አደጋውን ለመከፋፈል ጥቂቱን በዚያ ቢያስገባ ብልህነት ነው። አምስት ስድስት ኮንቴይነር ያለው ሰው ግን ውል የለውም። ችግር ሲመጣ የሚደውልለት ሰውም የለውም።

ምክሬ ግልጽ ነው። ሎስ አንጀለስ ወይም ሎንግ ቢች አውርደው በባቡር ዳላስ ማምጣቱን ይቀጥሉ። ከስድስቱ አንዱን ወይም ሁለቱን፣ የማይቸኩለውን ዕቃ፣ በሂዩስተን ይሞክሩ። ማንሳኒዮን ለዳላስ ዕቃ አይንኩት። ላሳሮ ካርዴናስን የሚያስቡት አንድ ነገር ከተሟላ ብቻ ነው፤ እሱም ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ ማለትም የመርከብ ድርጅቱ የሚያወጣው የጭነት ሰነድ ነው።

አገር ቤት ዕቃ አስመጥተው የሚያውቁ ከሆነ መልቲሞዳልና ዩኒሞዳል የሚባለውን ያስታውሳሉ። በመልቲሞዳል አጓጓዡ ዕቃውን ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ በራሱ ኃላፊነት ያደርሳል። በዩኒሞዳል ግን ጅቡቲ ላይ ተቀበሉ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መጓጓዣ፣ ዲመሬጅ (ኮንቴይነሩ ሲዘገይ የሚከፈለው)፣ ሩጫው ሁሉ የእርስዎ ነው። የላሳሮም ነገር ያው ነው። ሰነዱ ላይ የመጨረሻ ማድረሻው ዳላስ ተብሎ ካልተጻፈ፣ ላሳሮ ካርዴናስ ላይ የሚያበቃ ከሆነ፣ እርስዎ ሚቾአካን ውስጥ ኮንቴይነር ተቀብለዋል። ስፓኒሽ የሚናገር ትራንዚተር፣ የሜክሲኮ የትራንዚት ሰነድ፣ የባቡር ቦታ፣ የድንበር ወኪል፣ ሁሉም በእርስዎ ሒሳብ ይሆናል። ደላላው ያሳየዎት ርካሽ ዋጋ እስከዚያ ድረስ ያለው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ነገ ለደላላው ይደውሉና አራት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁት። ቢል ኦፍ ሎዲንጉን የሚያወጣው የትኛው የመርከብ ድርጅት ነው? ማድረሻው ዳላስ ተብሎ ይጻፋል ወይ? ሲፒኬሲ ዳላስ አጠገብ ያለው ተርሚናሉ ዋይሊ ላይ ነውና ዕቃው እዚያ ድረስ በአንድ ዋጋ ይመጣል ወይ? ባዶው ኮንቴይነርስ የሚመለሰው የት ነው፣ ስንት ነፃ ቀን አለው? ለአራቱም የተጻፈ መልስ ካመጣ ከሎስ አንጀለሱ ዋጋ ጋር አስተያይተን እንነጋገራለን። በቃል ብቻ የሚመልስ ከሆነ ወይም «ቀረጡን እኔ እጨርሰዋለሁ» የሚል ከሆነ ቀብድ አይስጡት።